ዶክተር አክሊሉ ለማና ያልተቋጨው የእንዶድ ጉዳይ

አጣዬ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ምዕራብ ላዞረ ሰው የመንዝና የግሼ ገደል ቀጥ ብሎ ይታየዋል። ከአፋፉ በላይ ያለው ደጋ እንዶድ የሚበቅልበት፣ እናቶች ነጠላና ጋቢ በእንዶድ አረፋ ሲያነጡ የኖሩበት አገር ነው። ከሥሩ የተዘረጋው የይፋት ቆላ ደግሞ ከዚያው ገደል የሚወርዱት የአጣዬ፣ የጀውሃና የሮቢ ወንዞች ወደ አዋሽ ከመድረሳቸው በፊት የሽንኩርቱንና የቲማቲሙን ማሳ የሚያጠጡበት ነው። በመስኖ ቦይ ዝግ ብሎ የሚሄድ ውኃ ለገበሬው እንጀራው ነው፤ ለቀንድ አውጣም መራቢያው ነው። ቀንድ አውጣ ባለበት ውኃ ዳር ሰው የሚጸዳዳ ከሆነ ቢልሃርዚያ ይከተላል። እንግዲህ በዚህ አካባቢ በሽታው ቆላ ነው፣ የበሽታውን መንገድ የሚቆርጠው ተክል ደጋ ነው፤ በመካከላቸው ያለው የአንድ ቀን የእግር መንገድ ቢሆን ነው። ይህን ዝምድና ለዓለም ያሳወቁት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ግን የመጨረሻዎቹን ሃያ ዓመታት ገደማ ያሳለፉት ከአገራቸው ርቀው ነው፤ በ1997 ሲያርፉም እንዶድ ገና በአንድም ወንዝ ላይ በመደበኛነት ሥራ ላይ አልዋለም ነበር። («ዓ.ም.» ከተባለበት በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ስደተኛ ምሁራን ሲነሳ በእኛ ዘንድ ሁለት ፍርዶች ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። አንደኛው «አገሩ አስተምራው ለባዕድ አገለገለ» የሚለው ወቀሳ ነው፤ ሁለተኛው «ፈረንጅ ቀንቶበት ግኝቱን ቀበረበት» የሚለው እንጉርጉሮ ነው። የአክሊሉ ለማ ታሪክ በሁለቱም አይገለጽም። ማስረጃው በቅደም ተከተል ሲታይ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፤ ግኝቱ እዚሁ ተገኝቶ፣ እዚሁ ተፈትኖ፣ እዚሁ ውጤት ካመጣ በኋላ «እውነት ነው» ብሎ የሚፈርደው ችሎት ውጭ አገር ነበር። ሳይንቲስቱም ፋይላቸውን ይዘው ከችሎት ወደ ችሎት ሲዞሩ ዕድሜያቸው አለቀ። ውሎ አድሮ ፍርዱ ለእንዶድ ሲፈረድ ደግሞ ፍርዱን ተቀብሎ የሚያስፈጽም ከእኛ በኩል አልተገኘም። ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ በውጭ ሰዎች ላይ መጣል የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

በሽታውን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ የእንዶድ ዋጋ የሚገባው የትሉን ኑሮ ያወቀ ሰው ነውና። የአንጀት ቢልሃርዚያ ትል በሰው ሆድ ውስጥ፣ በደም ሥር ተቀምጦ እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ደረቅ መሬት ላይ ከቀረ ይሞታል፤ ውኃ ካገኘ ግን ይፈለፈልና ቀንድ አውጣ ፍለጋ ይዋኛል። ያገኘው እንደሆነ ገብቶ ሳምንታት ይቆያል፣ ይባዛል፣ ከዚያም ሌላ መልክ ይዞ በሺዎች ሆኖ ወደ ውኃው ይመለሳል። ያን ጊዜ ቦይ ጠርጎ የሚያስተላልፍ ገበሬ፣ ልብስ የምታጥብ እናት፣ ከብት ሊያጠጣ ወርዶ የሚዋኝ እረኛ ምንም ሳይሰማው በቆዳው በኩል ይገባበታል። ዓመታት ሲቆጠሩ ጉበትና ጣፊያ ያብጣል፣ የልጁ ሆድ ይነፋል፣ ጉልበትና ትምህርት ይጎዳል። ይህ ሁሉ ሰንሰለት የሚያልፈው በአንዲት ቀንድ አውጣ በኩል ነው። ሕሙማንን ማከም ይቻላል፤ ቀንድ አውጣው እስካለ ድረስ ግን የዳነው ሰው እዚያው ውኃ ውስጥ ገብቶ እንደገና ይያዛል። አክሊሉ ለማ ራሳቸው ከሔልሙት ክሎስና ከጄራርድ ደሶሌ ጋር ሆነው በ1978 የአንጀት ቢልሃርዚያ በኢትዮጵያ የት የት እንደሚገኝ የሚያሳይ የጂኦግራፊ ጥናት አሳትመዋል። በሽታው ከሁሉ ይበልጥ የሚመቸው መካከለኛ ከፍታ ነው፤ በጣም ደጋ ሲሆን ብርዱ፣ በጣም በረሃ ሲሆን ሙቀቱ ቀንድ አውጣውን ያስቸግረዋል። ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ፣ ከዚያም ወደ ቦርከና ተፋሰስ የሚዘልቀው መስመር በዚሁ በሚመቸው ከፍታ ላይ ያረፈ ነው።

ዶክተር አክሊሉ በ1964 ከአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ዶክትሬታቸውን ይዘው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዓመት የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣዎችን ስርጭት ለማጥናት አድዋ ነበሩ። እዚያ ያዩት ነገር ለማየት ዓይን ብቻ የሚበቃው ነበር። በወንዙ ዳር ሴቶች እንዶድ ወቅጠው፣ በውኃ አሽተው፣ አረፋውን አውጥተው ልብስ ያጥባሉ። ከማጠቢያው በታች በኩል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፍፈዋል፤ ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን ደኅና ናቸው። ከላይ በኩል በሕይወት ያሉትን ሰብስበው ዕቃ ውስጥ አደረጉና ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርበት ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ወደ ቅርፊታቸው ተኮማተሩ፣ ደም ፈሰሳቸው፣ ሞቱ። በኋላ በቤተ ሙከራ የተደረገው ሁሉ ይህንኑ በልኬት ማረጋገጥ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። እንዶድን የአድዋ ሴቶች ያውቁታል፣ የመንዝ ሴቶችም ያውቁታል፤ ታዲያ አክሊሉ ለማ ምን አገኙ? መልሱን ለሁለት መክፈል ይገባል። እንዶድ እንደሚያነጣ፣ ዓይን እንደሚያቃጥል፣ ሲጠጣ አደገኛ መሆኑን፣ መቼ ተለቅሞ እንዴት ደርቆ እንደሚወቀጥ የሚያውቀው ሕዝቡ ነው፤ ይህ ዕውቀት ባይኖር ኖሮ ሳይንቲስቱ የሚያዩት ነገር አይኖርም ነበር። የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ከቢልሃርዚያ ጋር ያገናኘው ጥያቄ ግን የእሳቸው ነው። ማጠቢያ ዳር ቀንድ አውጣ ሲሞት ያየ ብዙ ሰው ይኖራል፤ የሞተችው ቀንድ አውጣ የልጁን ሆድ ከሚነፋው በሽታ ጋር በአንድ ገመድ የታሰረች መሆኗን ለማወቅ ግን የጥገኛ ትሉን ኑሮ የተማረ ሰው ያስፈልጋል። ዶክተር አክሊሉ ይህን ታሪክ በተናገሩ ቁጥር ሴቶቹን ከታሪኩ አላወጧቸውም፤ የእኛ ዘገባዎች ናቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ጀግና ፍለጋ የሚያወጧቸው።

ቀጥሎ የመጣው አሥር ዓመት በኢትዮጵያ የሳይንስ ታሪክ ውስጥ ሊጠና የሚገባው ነው። ዶክተር አክሊሉ በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እዚያ ሆነው ሊሽማንያሲስ የተባለውን በሽታም አጥንተዋል። ዋናው ሥራ ግን ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ የተካሄደው የእንዶድ ሙከራ ነው። እንዶድ ከአካባቢው ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦ በወንዞቹና በጅረቶቹ ላይ ተነሰነሰ፤ የሕዝቡ ጤና ከሙከራው በፊትና በኋላ ተመረመረ። በጠቅላላው ሕዝብ ላይ 63 በመቶ የነበረው የበሽታው ስርጭት ወደ ሲሶ ገደማ ወረደ። ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ የሕፃናቱ ነው፤ ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት በታች በሆኑት ላይ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሕፃናቱን ለይቶ ማየት የሚያስፈልገው አዋቂው የተሸከመው ትል የዱሮ ሊሆን ስለሚችል ነው፤ ሙከራው ከተጀመረ በኋላ የተወለደ ልጅ ካልተያዘ ግን ውኃው ጸድቷል ማለት ነው። የዕፀዋት ተመራማሪው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ ቦታ የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን ጎን ለጎን ተክለው አወዳደሩ፤ ፍሬው የሚበዛ፣ ተባይ የሚቋቋምና ቀንድ አውጣን የመግደል ኃይሉ የበረታ ሆኖ የተገኘው 44 ቁጥር የተሰጠው ዓይነት ነበር። የሚገድለውን ውህድ ለይተው ያወጡት የአሜሪካ ኬሚስቶች ደግሞ በአክሊሉ ለማ ስም ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት። ሴቶቹ እንዶዱን ወቅጠው በውኃ መዘፍዘፋቸው ከንቱ ልማድ እንዳልነበረም ኬሚስትሪው አሳየ፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ውህድ ኃይል የሚያገኘው ፍሬው ተደቁሶ ውኃ ሲነካው፣ በራሱ ኢንዛይም ሲለወጥ ነው።

ይህን ሁሉ የያዘ ሰው ቀሪው መንገድ አጭር ይሆናል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። አልሆነም። በዚያን ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያውቀው የቀንድ አውጣ መድኃኒት የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ያወጣው ኒክሎሳማይድ ነበር፤ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ ለድሃ አገር ውድ የሆነ ኬሚካል። እንዶድ በእሱ ጎን እንዲቆም ዓለም አቀፍ ደረጃ በሚያሟሉ ቤተ ሙከራዎች የመርዛማነት ምርመራ ማለፍ ነበረበት። ጥያቄው በራሱ ስሕተት አልነበረም፤ ሰው በሚጠጣው ውኃ ላይ የሚነሰነስ ነገር መመርመር አለበት። ስሕተቱ የመርማሪው ቤተ ሙከራ፣ ገንዘቡም፣ የመጨረሻው ፊርማም ኢትዮጵያ ውስጥ አለመኖሩ ነበር። ለአድዋው ሙከራ የበቃ ተቋም ለዚያ ምርመራ የሚሆን አቅም አልነበረውም፤ አቅም ያላቸው ደግሞ ጉዳዩ አያስቸኩላቸውም። በ1983 ሉሳካ፣ በ1986 ስዋዚላንድ ላይ ስለ እንዶድ ብቻ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ጉባኤዎች ተደረጉ። በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የተካሄደው የደኅንነት ምርመራ የተጠናቀቀው በ1990 ገደማ ነው፤ ውጤቱም እንዶድ ዓይንን ክፉኛ እንደሚቆጠቁጥ፣ ዓሣን እንደሚገድል፣ በዘር ላይ ለውጥ እንደማያመጣና ለአጥቢ እንስሳት ያለው ጉዳት ዝቅተኛ መሆኑን አረጋገጠ። ዓይን እንደሚቆጠቁጥ ማንኛዋም የደጋ ሴት ትናገር ነበር። አድዋ ወንዝ ዳር ከታየው እስከዚህ ወረቀት ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈ።

የአክሊሉ ለማ ስደት መታየት ያለበት በዚህ መካከል ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ኢንስቲትዩቱን ለቀው በተባበሩት መንግሥታት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሥራ ላይ ተሰማሩ፤ ኋላም ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ ዓለም አቀፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ፤ በመጨረሻም ወደ ተማሩበት ጆንስ ሆፕኪንስ ተመለሱ። ወቃሾቻቸው «አገር ውስጥ ቢቆዩ ኖሮ» ይላሉ። ቢቆዩ ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር? ሙከራውን ጨርሰዋል፤ ተቋሙን መሥርተዋል፤ ተተኪ ተመራማሪዎች አሉ። የቀረው ሥራ ጄኔቫን፣ ኦታዋንና ኒው ዮርክን ማሳመን ነበር፤ ያ ደግሞ አዲስ አበባ ተቀምጠው በደብዳቤ የሚያልቅ አልነበረም። ለመሄዳቸው ይህ ብቻ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ የዚያን ዘመን የኢትዮጵያ ምሁር ከአገር ለመውጣት ብዙ ምክንያት ነበረው። ነገር ግን በውጭ ያሳለፏቸው ዓመታት ከእንዶድ የሸሹባቸው ሳይሆኑ ለእንዶድ ጥብቅና የቆሙባቸው መሆናቸውን የጉባኤዎቹ መዝገብ ይመሰክራል። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲቀበሉም መድረኩን የተጠቀሙበት የአፍሪካ ሳይንቲስት በገዛ ቤቱ ያገኘው ነገር ለምን እንደማይታመን ለመጠየቅ ነው። በዚያው ዓመት ከፊንላንዳዊው ፔንቲ ማላስካ ጋር ስለ አፍሪካ ረሃብና ከረሃብ ስለ መውጫው ለሮም ክለብ የቀረበ መጽሐፍ አውጥተዋል። አገሩን የረሳ ሰው ሥራ ይህን አይመስልም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከኦሃዮ የሚመጣው ነው። በ1988 በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ የሜዳ አህያ የመሰለ መስመር ያላት ትንሽ ዛጎል ለበስ እንስሳ ታየች፤ ከካስፒያንና ከጥቁር ባሕር አካባቢ በመርከብ ተሳፍራ የመጣች ነች። እየተራባች የከተሞችንና የኃይል ማመንጫዎችን የውኃ ቧንቧ ደፈነች። በዚያ ሰሞን ዶክተር አክሊሉ ኦሃዮ ወደሚገኘው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ስለዚህ ሰሙ፤ ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ዘመዷንም ይገድላል ብለው ከዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ጋር ሞከሩት፣ ሠራም። በ1993 የተሰጠው የአሜሪካ ፓተንት የዩኒቨርሲቲው ንብረት ሆኖ ተመዘገበ፤ አክሊሉ ለማ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ተብለው ስማቸው ሰፍሯል። በዓለም ዙሪያ ስለ ዕውቀት ዝርፊያ የሚጽፉ ሁሉ ይህን ጉዳይ ምሳሌ አድርገው ጠቀሱት፤ የአድዋ ሴቶችና ኢትዮጵያ ከፓተንቱ ምን አገኙ ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ትክክል ነው። ስማቸው ፓተንቱ ላይ መኖሩ ብቻ ነገሩን ፍትሐዊ አያደርገውም። ነገር ግን ፍርድ ሲሰጥ ጊዜውም መታየት አለበት፤ የብዝኀ ሕይወት ስምምነት ገና በ1992 የተፈረመ ነበር፤ ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን (ማግኘትንና መጠቀምን) የሚገዛ አዋጅ ያወጣችው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ አዋጅ ቁጥር 482። ከዚያ በፊት አንድ ተመራማሪ የሕዝቡን ድርሻ ላስከብር ቢል የሚይዘው ሕግ፣ የሚያመለክትበት ቢሮም አልነበረም። አንድ ስደተኛ ሳይንቲስት መንግሥትን ተክቶ እንዲደራደር መጠበቅ ከአቅሙ በላይ መጫን ነው።

የሕክምና ሰዎች ሌላ ተቃውሞ አላቸው፤ ይህኛው በቁጥር የተደገፈ ስለሆነ ቸል አይባልም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ፕራዚኳንቴል የሚባለው እንክብል በአንድ ቀን ተውጦ ትሉን ይገድላል፤ ዋጋው ረክሷል፤ የጀርመኑ መርክ ኩባንያ ለአፍሪካ በዓመት እስከ 250 ሚሊዮን እንክብል በነፃ ለመስጠት ቃል ገብቶ ሲሰጥ ኖሯል። በኢትዮጵያም ለተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ ይታደላል። እንክብሉ ካለ ታዲያ እንዶድ ለምን? ምክንያቱም እንክብሉ ቦዩን አያክምም። ልጁ ዛሬ ውጦ ነገ ከብት ይዞ ወደዚያው ውኃ ይወርዳል፤ በመስኖ የሚኖር ገበሬም ከውኃ ልውጣ ቢል ከኑሮው መውጣቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በ2022 ባወጣው መመሪያ ከእንክብሉ ጎን ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃና የቀንድ አውጣ ቁጥጥር እንዲታከል መክሯል። ለቀንድ አውጣው የተመከረው ግን አሁንም ኒክሎሳማይድ ነው። እንዶድ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። እንደ ኒክሎሳማይድ የቀንድ አውጣውን እንቁላል አይገድልም፤ ስለዚህ መደጋገም ይፈልጋል። ዓሣ ይገድላል፤ በዚህስ ኒክሎሳማይድም አይሻልም፤ ዓሣ በሚረባበት ሐይቅ ሁለቱም አይመከሩም፤ በጠባብ የመስኖ ቦይና በበጋ በሚቋጥር ኩሬ ላይ ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ የእንዶዱ ኃይልም በጥቂት ቀን ውስጥ ተበታትኖ ይጠፋል። የመደጋገሙ ነገር ደግሞ ከጉድለት ይልቅ ለአገር ውስጥ ምርት የሚቀርብ ማስረጃ ነው። ይህች ቀንድ አውጣ ወንድም ሴትም ናት፤ ከአንድ ቦይ አንዲት ብትተርፍ ያለ ጓደኛ ትራባለች። ስለዚህ በየትኛውም መድኃኒት ቢሆን በየዓመቱ መመለስ ግድ ነው፤ በየዓመቱ የሚያስፈልግን ነገር በዶላር ከመግዛት በአጥር ጥግ መትከል ይሻላል።

ከ1990ው ምርመራ በኋላ ግን «ውጭ አገር ስላላመኑን ነው» የሚለው ምክንያት ተሟጧል። የደኅንነቱ ወረቀት አለ፣ የአድዋው ውጤት አለ፣ 44 ቁጥር ዘር ተለይቷል፣ በስማቸው የተጠራው ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች አሉት፣ በመስኖ የሚለማው መሬትም በየዓመቱ እየሰፋ ነው። የጎደለው አንድ የጤና ቢሮና አንድ የግብርና ቢሮ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የሚፈርሙት ዕቅድ ነው። ጤናው «መስኖ የእኔ አይደለም» ይላል፤ ግብርናው «በሽታ የእኔ አይደለም» ይላል፤ ቀንድ አውጣው በመካከል ይራባል። ኢንስቲትዩቱን በአክሊሉ ለማ ስም ጠርተናል፤ ሥራቸው ግን እስካሁን የሚኖረው በመጽሔቶች ገጽ ላይ ነው።

ይፋት ለዚህ ሥራ ከሌሎች ቦታዎች ሁሉ የተመቸ ነው። ቦዮቹ ጠባብና የታወቁ ናቸው፤ የውኃ አባቶች ውኃውን በተራ ያከፋፍላሉ፤ የቱ ቦይ መቼ እንደሚዘጋና እንደሚከፈት ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እንዶዱ ከላይ፣ ከደጋው አፋፍ ሊመረት ይችላል፤ ፍሬው ሳይበስል፣ አረንጓዴ ሳለ ስለሚለቀም ለደጋው ገበሬ ተጨማሪ ገቢ፣ ለቆላው ገበሬ ጤና ይሆናል። የሚመለከታችሁ የሰሜን ሸዋ ዞን የጤናና የግብርና ኃላፊዎች፣ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና የአክሊሉ ለማ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች፣ የአድዋውን የአምስት ዓመት ሙከራ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ቦዮች ላይ ድገሙት። ከመጀመራችሁ በፊት ስድስት ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች መርምሩ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም በዚያው ዕድሜ ያሉትን መርምራችሁ ቁጥሩን ለሕዝብ አውጡ።